በራሳችሁ ፍጥነት፣ እስከ ሐሙስ

ጅዳ በገባሁበት ቀን፣ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ የተሰጠኝ ሥልጠና ሦስት ቃል ነበር። ማዳሟ በሩን የከፈተችልኝ በአንድ ክንዷ ሕፃን፣ በሌላው የእጅ ቦርሳ ይዛ ነው። ወደ ሕፃኑ እየጠቆመች «ፋሪስ» አለች፤ ወደ ማቀዝቀዣው እየጠቆመች «ሐሊብ» አለች፤ ወተት ማለቷ ነው። ከዚያ ሕፃኑን አስታቅፋኝ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ «ያላ» ብላ ሰርግ ሄደች። ሻንጣዬ ገና አሳንሰሩ ውስጥ ነበር።

ልምድ አልነበራትም እንዳይባል፣ ደሴ ያለው ደላላ ወረቀቴ ላይ «ሕፃን የመያዝ የረጅም ጊዜ ልምድ ያላት» ብሎ ጽፎልኛል። ታናናሾቼን ሁሉ ያዘልኩት እኔ ስለሆንኩ ውሸት አልነበረም። ያው ደላላ ለጎረቤታችን ልጅም ይህንኑ ጽፎላታል፤ እሷ ግን የቤታቸው መጨረሻ ነበረች፣ ታዝላ እንጂ አዝላ አታውቅም። በዚያ ሰሞን ከወሎ የወጣች ሴት ሁሉ ልምድ ነበራት።

ፋሪስን ትምህርት ቤት እስኪገባ አሳደግኩት። ከዚያ ቤት በኋላ ሌላ ቤት፣ ከሌላው ቤት በኋላ ሆቴል፣ ከሆቴል በኋላ ሐዳና ገባሁ፤ ሐዳና የሕፃናት ማቆያ ማለት ነው። በቤት ሸጋላ፣ ማለትም ሠራተኛ፣ በሆቴል ጀሊሳ፣ ማለትም ሞግዚት፣ በሐዳና ኻላ፣ ማለትም አክስት፣ ተባልኩ። ሥራው አንድ ነው፤ መጥረግ፣ ማጉረስና መቁጠር። ማዕረጉ ብቻ እያደገ ሄደ።

የመጀመሪያ የምስክር ወረቀቴን ያገኘሁት መካ ነው። ዓዚዚያ ውስጥ ያለ አንድ ሆቴል በሐጅ ወቅት ለሐጃጆች ልጆች ማቆያ ክፍል ከፍቶ ነበር። ከጅዳ ተጠርተን በደረስንበት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ለእያንዳንዳችን ስማችን የታተመበት ወረቀት አደለን። ሕፃናትን ስለ መጠበቅ ሠልጥነን በጥሩ ውጤት ማለፋችንን ይናገራል።

«መቼ ነው የሠለጠንነው?» አልኩት።

«ትናንት።»

«ትናንት ጅዳ ነበርኩ።»

«ችግር የለውም» አለ ሳይስቅ። «የርቀት ሥልጠና ነው።»

በዚያ ወቅት ከየአገሩ የመጡ፣ ዐረብኛ የማይሰሙ ልጆችን ያዝን። የሚያለቅሰውን ማንሳት፣ የሚሮጠውን መያዝ፣ የተኛውን መቁጠር፣ ሲነቃ ደግሞ እንደገና መቁጠር። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ነበር፤ ልጆቹ እኛ ላይ።

ቀጥሎ የምነግራችሁ በሐዳናው ዘመኔ የሆነውን ነው። ሐዳናው ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ዝሆንና ቀጭኔ ተስለዋል፤ ለአየር ማቀዝቀዣው ቦታ ሲፈለግ የቀጭኔው አንገት ተቆርጧል። ባለቤቷም ዳይሬክተሯም አንዲት ሴት ናት፤ እኛ ማዳም ነበር የምንላት። እኔ በዓመታት ሙሽሪፋ፣ ማለትም ተቆጣጣሪ፣ ሆኜ ነበር። ሙሽሪፋ ልጅ ሲወድቅ የምትጠየቅ፣ ልጅ ሲስቅ የማትታይ ሠራተኛ ናት። በተጨማሪም የጨቅላዎቹ ክፍልና የበሮቹ ቁልፍ የእኔ ነበሩ።

ትልልቆቹን ልጆች በሦስት ክፍል የሚይዙ ሦስት ኻላዎች ነበሩን። ዘሃራ ከሁሉም በፊት የገባች፣ ምላሷ የሚቀድማት የከሚሴ ሴት ናት። አስካለ ጎጃሜ ናት፤ በፓስፖርቷ ዘይነብ፣ በእኛ መካከል አስካለ። ሦስተኛዋ ጦይባ ገና በሙከራ ላይ ነበረች።

የጦይባን ጉዳይ በግልጽ ላስቀምጠው፤ ታሪኩ የእሷ ነውና። ከፊሏ፣ ማለትም በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ መካ፣ ጀርወል ያለ አባወራ ነው። እዚያ ቤት የምትተኛው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነበር፤ ስልኳ ደግሞ የቤቱ ማዳም ካልፈቀደች ከማቀዝቀዣው ላይ አይወርድም። ከፊሉ ለሙከራ ሲለቃት በአንድ ነገር ተስማምቷል። ሙከራው ሲያልቅ ማዳም ነቅል ካደረገችላት፣ ማለትም ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ ሐዳናው ካዞረችላት፣ የእኛ ትሆናለች። ካላዞረች ሹፌር ልኮ ይወስዳታል።

«እትዬ ሰዓዳ» አለችኝ አንድ ቀን፣ የልጆች ጫማ ስናጣምር፤ «እዚያ ቤት ከተመለስኩ አንቱም አያገኙኝም። እናቴም አታገኘኝም።» ጫማውን ቀጠለች።

አንድ ቅዳሜ ማዳም ሁላችንንም ጠርታ አንድ ታብሌት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ከነገ ጀምሮ ትሠለጥናላችሁ። ፈቃዱን ለማደስ ግዴታ ሆኗል። ክፍል የለም፣ አስተማሪ የለም፣ ሰዓት የለም። እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ፍጥነት ነው የምትማሩት።»

«በራሳችን ፍጥነት ማለት እስከ መቼ ነው?» አልኳት።

«እስከ ሐሙስ።»

ሥልጠናው የሚከፈተው በዚያች ታብሌት ብቻ ነው፤ ታብሌቷም ከግቢ አትወጣም። ቋንቋው የመጽሐፍ ዐረብኛ ነበር። እኛ ዐረብኛ አናጣም፤ ዓመታት ኖረንበታል። ግን የእኛ ዐረብኛ የኩሽና ነው። «ሩዙን አውርጂ፣ ልጁን አንሺ» በሚለው ይጀምርና እዚያው ያልቃል።

ማሽኑ ሌላም አመል ነበረው። ሠልጣኟ እያየች መሆኗን በካሜራው ይከታተላል። ፊቷን ዞር ካደረገች ቪዲዮው ቆሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ «ዓይንሽን ከልጁ ላይ አትንቀይ» የሚል ነበር። አስካለ ይህን ምዕራፍ ስትማር አንድ ልጅ አጠገቧ ቀለም በላ። ቀና ብላ አየችው፤ ምዕራፉ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ስለዚህ ልጅ መጠበቅን ለመማር ልጆቹን ሌላ ሰው መጠበቅ ነበረበት። ዘሃራ መላ አመጣች።

«ወንፈል እንግባ» አለች። «አገራችን ማሳ እንዴት ነበር የምንጨርሰው? ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የኔን። አንዷ ታብሌቷ ላይ ስትቀመጥ ሌላዋ ልጆቿን ትያዝላት።»

«ማን ይጀምር?» አለች አስካለ።

«እኔ ነኛ። መላውን ያመጣሁት።»

ቀጥላ አስካለ፣ መጨረሻ ጦይባ እንዲሆኑ ተስማሙ። ጦይባ አዲስ ናት፤ አዲስ ሰው መጨረሻ ይሆናል። «አብሽሪ፣ እትዬ ዘሃራ፤ እኔ እይዝልሻለሁ» አለች። እውነትም ያዘች። የዘሃራን ከራሷ ጋር፣ ከዚያ የአስካለን ከራሷ ጋር ቀላቅላ ዋለች። ቀኑን ሙሉ እንደ እረኛ ውሻ ዙሪያቸውን ስትዞር ነበር።

ሠልጣኞቹን የምታግዘው የማዳም ጸሐፊ ሀያት ናት። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ጅዳ ተወልዳ ያደገች፣ ዐረብኛውን የምታነብ ልጅ ነች። ቪዲዮው ሲናገር ጥፍሯን ትቀባለች፤ ፈተናው ሲመጣ በተቀባው ጥፍር ትጠቁማለች።

«ኻለቲ ዘሃራ፣ ዚህ ጋ ንኪ። ለእ፣ ለእ! ከሱ ታች። ኸላስ፣ አለፍሽ።»

«ምን ነበር ጥያቄው?» ትላለች ዘሃራ።

«አለፍሽኮ! ምን ያደርግልሻል?»

ዘሃራ ማክሰኞ ሠለጠነች። አረማመዷ ተለወጠ። ልጅ ሲያለቅስ ድሮ «ና፣ ምን ሆንክብኝ?» ብላ የምትስበው ሴት፣ አሁን እጇን አጣምራ ቆማ «ስሜቱን እያስተናገድኩ ነው» አለችኝ። ሀያት ከተረጎመችላት ሁለት ነገሮች አንዷ ይህች ሐረግ ነበረች። ልጁ ስሜቱ ሲስተናገድ በአፍንጫው ፈሰሰ።

አስካለ ረቡዕ ሠለጠነች። ሐሙስ የሁለቱ ሰርተፍኬት በወርቃማ ክፈፍ ከዝሆኑ አጠገብ ተሰቀለ። እኔም ጨቅላዎቹ ሲተኙ ቀደም ብዬ ጨርሼ ነበር፤ የእኔው ወረቀት ግን ክፈፍ ሳይበቃ ቀርቶ በፕላስተር ተለጠፈ። በዚያው ቀን ጦይባ ወደ ዘሃራ ሄደች።

«እትዬ ዘሃራ፣ ዛሬ ተራዬ ነው።»

«የምን ተራ?»

«የወንፈሉ ነዋ።»

ዘሃራ ልጆቿን በዓይኗ ቆጠረች። «የኔ እናት፣ እኔኮ አሁን የሠለጠንኩ ሴት ነኝ። አንዲት ኻላ ከስምንት ልጅ በላይ መያዝ አትችልም። ምዕራፍ ሦስት ነው። ያንቺን ብይዝልሽ ደንብ አፈረስኩ ማለት ነው።»

«ያንቺን ከእኔ ጋር ደርቤ ስይዝ ደንቡ የት ነበር?»

«ያኔ አልተማርኩማ።»

ጦይባ ወደ አስካለ ዞረች። አስካለ ዓይኗን ሰበረች። «እኔ ልቤ ይፈቅዳል፣ በእመቤቴ እውነቴን ነው። ደንቡ ነው እንጂ።»

ሙሽሪፋ ነኝና ዘሃራን አዘዝኳት። ምዕራፉን ጠቅሳ መለሰችልኝ። ደንቡን ሀያትን አስነብቤያለሁ፤ እንዳለችው ነው የሚለው። እኔ ልያዝላት ብል ጨቅላዎቹን ጥዬ መሄድ አልችልም። ማዳም ዘንድ ሄድኩ።

«ጦይባ ሥልጠናውን አልወሰደችም። ሀያት አንድ ቀን ትቀመጥላት፤ ልጆቿንም የሚይዝ ሰው ይመደብ።»

«ሀያት የምታግዘው የሐዳናውን ሠራተኞች ነው» አለች ማዳም። «ጦይባ ገና ነቅል አላደረገችም፤ የእኛ ሠራተኛ አይደለችም።»

«ነቅሉን ያድርጉላታ።»

«ያልሠለጠነች ሠራተኛ እንዴት አዞራለሁ? ፈቃድ ሰጪዎቹ ምን ይሉኛል?»

«ስለዚህ ካልዞረች አትሠለጥንም፤ ካልሠለጠነች አትዞርም።»

«አሁን ገባሽ» አለች ማዳም ደስ ብሏት። «እስከሚቀጥለው ሐሙስ ጊዜ አላት። በራሷ ፍጥነት።»

በዚያው ሳምንት ማዳም ሌላ ግኝት አገኘች። ከሥልጠናው በፊት ልጆቹ በሦስቱ ክፍሎች እኩል ያህል ተካፍለው ነበር። አሁን ዘሃራና አስካለ ስምንት ስምንት ብቻ ያዙ፤ ሕጋዊ ሆኑ። የተረፉት ልጆች ትራሳቸውን ይዘው ወደ ጦይባ ክፍል ተሻገሩ። አሥራ ስድስት ሆኑባት። ምክንያቱን ስጠይቅ ማዳም ደንቡ የሚመለከተው የሠለጠኑትን ነው አለችኝ። ጦይባ ስላልሠለጠነች ደንብ አላፈረሰችም። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ አስተሳሰብ ሁለተኛ አልገጠመኝም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ከጦይባ ክፍል ድምፅ ጠፋ። አሥራ ስድስት ልጅ ያለበት ክፍል ዝም ካለ ሙሽሪፋ ትሮጣለች፤ ሮጥኩ።

ጦይባ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታብሌቷን ፊቷ ትይዩ ይዛለች። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ካሜራው የእሷን ፊት ያያል፤ እሷ በታብሌቷ አናት ላይ አሥራ ስድስቱንም ታያለች። ድምፁ እስከ ጥግ ተከፍቷል። አንድ ደልዳላ ድምፅ ያለው ሰው በመጽሐፍ ዐረብኛ ያስተምራል፤ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በዚያ አገር የካርቱን ፊልም የሚነገረው በዚያው በመጽሐፍ ዐረብኛ ነው። እኛ ዓመታት ኖረን ያልሰማነውን ቋንቋ እነዚህ ልጆች ከወተት ጋር ጠጥተውታል።

«ምን አለ?» አለች ጦይባ በኩሽና ዐረብኛዋ።

ጁድ የምትባል፣ በልጆቹ ላይ ራሷን አለቃ የሾመች ልጅ እጇን አወጣች። «ስትቆጪን ጎንበስ በይ ይላል።»

«ጎንበስ?»

«ቁመታችን ጋ እስክትደርሺ። ከላይ ሆነሽ አትጩሂ።»

«ታይብ። እሺ። ሌላስ?»

«ሌላ ደግሞ ቺፕስ ስጪ ይላል» አለ ሪያን የሚባል ወፍራም ልጅ።

«አላለም!» አለች ጁድ። «ውሸታም! ፍራፍሬ ነው ያለው።»

የጥያቄው ጥግ ላይ ስትነካው ጥያቄውን የሚያነብ ምልክት ነበር። ጦይባ ትነካለች፣ ድምፁ ያነባል፣ ጁድ ታብራራለች፣ ልጆቹ እጅ ያወጣሉ። የመጀመሪያውን ፈተና ወደቁ። ወደቁ የምለው አሥራ ሰባቱንም ነው። ጥያቄው «ልጁ ምሳ አልበላም ቢል ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ነበር፤ ክፍሉም በአብዛኛው ድምፅ «የፈለገውን እንዲያደርግ ተይው» የሚለውን መረጠ። ጦይባ የሕዝብ ድምፅ አክብራ ነካችው። በሁለተኛው ሙከራ የሪያን ድምፅ የመስጠት መብት ለጊዜው ታገደ፤ አለፉ።

ማክሰኞ ምዕራፍ ሦስት ላይ ደረሱ። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

«አንዲት ኻላ ለስምንት ልጅ ይላል» አለች ጁድ። ከዚያ ተነስታ የእያንዳንዱን ልጅ ራስ እየነካች ቆጠረች። «እኛ አሥራ ስድስት ነን።»

«አዎ» አለች ጦይባ።

«አንቺ ግን አንድ ነሽ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ነኝ።»

«ሌላዋ ኻላ የት አለች?»

ጦይባ ቀና ብላ አየችኝ። በአማርኛ «ምዕራፍ ሦስት ላይ ቀርታለች በልዋት፣ እትዬ ሰዓዳ» አለችኝ። ለጁድ ግን «አላውቅም» ብላ መለሰችላት።

ረቡዕ የደረሱበት ምዕራፍ ልጅን ለቅጣት ብቻውን መዝጋት ክልክል ነው ይላል። ልጆቹ ወደ ሪያን ዞሩ። ማዳም የሚያስቸግር ልጅ የምታስገባበት «የማረጋጊያ ክፍል» ነበራት፤ የሶፍትና የውኃ ካርቶን የሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ነው። ስለዚህ ክፍል ከአንድም ሁለት ጊዜ ተናግሬያት፣ አየር ማቀዝቀዣ እንዳለው አስረድታኛለች።

«ማዳም ግን ሪያንን ካርቶኑ ጋ ትዘጋበታለች» አለች ጁድ።

ሪያን ወደ ምንጣፉ አቀረቀረ። ጦይባ ቪዲዮውን ሳታስጨርስ ወንበሯን ትታ አቀፈችው። ምዕራፉ ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጆቹ እንደገና ሰሙት፤ በሁለተኛው ጊዜ አብረው ነበር የሚሉት።

ሐሙስ ከሰዓት ጦይባ አለፈች። ሰርተፍኬቷ ከማተሚያው ሲወጣ ሀያት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ወላሂ፣ ከኻለቲ ዘሃራ ይበልጣል ውጤቷ!» አለች። ጦይባ ወረቀቱን ይዛ ማዳም ቢሮ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ማን ሠራልሽ?» አለች ማዳም።

«እኔው ነኝ።»

«ማንበብ አትችይም።»

«ልጆቹ አስረዱኝ።»

ማዳም እስኪያስላት ሳቀች። «እንግዲያው የሠለጠኑት ልጆቹ ናቸው። ይህን ወረቀት አልቀበልም፤ ማጭበርበር ነው።»

«ለሌሎቹም ሀያት ናት የመለሰችላቸው» አልኩ።

«ሀያት ሠራተኛ ናት። ልጆቹ ደንበኞች ናቸው። ለይተሽ እዪ።» ወደ ጦይባ ዞረች። «ኸላስ። እሑድ ጠዋት የከፊልሽ ሹፌር ይመጣል።»

ጦይባ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስትወጣ ጁድን በሩ ላይ አገኘቻት፤ ጎንበስ ብላ፣ ቁመቷ ጋ ደርሳ ተሰናበተቻት።

እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት የጀርወሉ ሹፌር መኪናውን ሳያጠፋ ቆሟል። ጦይባ ሻንጣዋን ይዛ አጠገቤ ቆመች። ከሹፌሩ ኋላ የጁድ እናት፣ ከእሷ ኋላ የሪያን እናት፣ ከእነሱም ኋላ ሌሎች እናቶች መጡ። ልጅ አድርሰው የሚሮጡ ሴቶች ናቸው፤ በዚያ ቀን አልሮጡም። ማዳም መቀበያው ላይ አገኘቻቸው።

«ሐሙስ ማታ አባቷ በስልክ ሲጮህ ልጄ ‹ጎንበስ ብለህ ተናገር› አለችው» አለች የጁድ እናት። «ጎንበስ አለ። ለዚህ አመሰግናለሁ። ቀጥላ ደግሞ ‹እኛ አሥራ ስድስት፣ ኻላችን አንድ፤ ክልክል ነው› አለችኝ። እውነት ነው?»

«ልጆች ቁጥር ያበዛሉ» አለች ማዳም።

«ጁድ እስከ መቶ ትቆጥራለች። እዚሁ ነው የተማረችው፤ ከፍዬበታለሁ።»

የሪያን እናት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካርቶኑ ያለበት ክፍል የቱ ነው?» አለች።

«የማረጋጊያ ክፍል ማለትሽ ነው?»

«ክፈቺው።»

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር፤ ከፈትኩት። የሪያን እናት ሶፍቱን አየች፣ ውኃውን አየች፣ ወለሉ ላይ የቀረ አንድ የልጅ ካልሲ አየች። ካልሲውን አንስታ ኪሷ ከተተችው። ማዳም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምትናገረው ወደ ግድግዳው ነበር።

«አሥራ ስድስቱን የምትይዘው ኻላ የት አለች?» አለች የጁድ እናት።

«በር ላይ» አልኩ፤ «ሻንጣዋን ይዛ።»

«የት ልትሄድ?»

«ወደ ከፊሏ። ነቅል አልተደረገላትም።»

«ታዲያ ዛሬ ልጆቹን ማን ሊይዝ ነው?»

ማዳም ፈጠን ብላ ዘሃራና አስካለ እንደሚካፈሏቸው ተናገረች። ዘሃራ ከክፍሏ ደጃፍ ሆና ትሰማ ነበር። አሥራ ስድስት ልጅ ሊከፈልባት መሆኑ ሲገባት ክፈፏን ከግድግዳው አውርዳ እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ መጣች።

«እኛ ከስምንት በላይ አንይዝም» አለች በዚያች በኩሽና ዐረብኛዋ። «ምዕራፍ ሦስት ነው። እኔ የሠለጠንኩ ሴት ነኝ።»

«እኔም» አለች አስካለ ከኋላዋ።

ውጭ የሹፌሩ መኪና ይሰማል። እናቶቹ ማዳምን ያያሉ፤ ማዳም ዘሃራን ታያለች። አሥራ ስድስቱ ልጆች ደግሞ በክፍላቸው በር ተደርድረው ሁሉንም ያያሉ።

«ሀያት!» አለች ማዳም። «የጦይባን ነቅል ላኪ። አሁን! ያላ!»

ሀያት ላከችው። ከፊሉ እንዲቀበለው የጁድ እናት ራሷ ደወለችለት፤ ያነጋገረችው ቢሮዋ ውስጥ ሰው በምታነጋግርበት ድምፅ ነበር። ተቀበለ። ሹፌሩ ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ መካ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ለትርፎቹ ልጆች አንዲት ተጨማሪ ኻላ ተቀጠረች።

ጦይባ ሻንጣዋን ካስቀመጠች በኋላ ዘሃራን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። «እትዬ ዘሃራ፣ ወንፈሉን ከፈልሽኝ።»

«ማን? እኔ? እኔኮ ስለ ራሴ ነው የተናገርኩት!»

«አውቃለሁ። አላህ ይስጥሽ።»

ዘሃራ ብዙ ቀን ሲከነክናት ቆየ። ሳታስብ መልካም መሥራቷን ይቅር ለማለት ጊዜ ወሰደባት።

ጦይባ እኔ ሥራ እስክተው ድረስ እዚያው ሠራች። ስልኳ በኪሷ ነበር፤ እናቷ ጋ ስትደውል ድምፅዋ ከልጆቹ ጫጫታ በላይ ይሰማል።

በሚቀጥለው ዓመት ሥልጠናው እንደገና መጣ። ማዳም ከስህተቷ የምትማር ሴት ናትና ለእያንዳንዳችን የጆሮ ማዳመጫ ገዛችልን። በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለትምህርታችን ብላ ያወጣችው ብቸኛ ወጪ ይህ ነው። ትእዛዙም ግልጽ ነበር፤ ሥልጠናው ልጆች ጆሮ እንዳይደርስ።

ደንብ ሥራ የሚጀምረው፣ ደንቡ የተጻፈለት ሰው የሰማው ዕለት ነው።